ሁለት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ሠርግ

ባለፈው ሰሞን ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ወደ ቤቴ በሚወስደኝ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ በስልኳ ላይ ሠርግ ስትቆራርጥ አየሁ። በአንድ አውራ ጣቷ ሙሽራውን ወደፊት ታመጣለች፣ የሚዜዎቹን ጭፈራ ታሳጥራለች፣ ዘፈን ትለውጣለች። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጣቷ ያመልጣትና ሙሽሪት ሁለት ጊዜ ኬክ ትቆርሳለች፤ ልጅቷም ትስቃለች። አፍጥጬ ሳያት፣ «ረበሽኩዎት እንዴ እትዬ?» አለችኝ። የእህቷ ሠርግ እንደሆነ፣ እሷ እዚህ ጀምራ አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ እንደምትልክለት፣ እሱም በኮምፒውተሩ እንደሚጨርሰው አጫወተችኝ። «እሱ ጋ ይከፈታል?» አልኳት። ጥያቄው አልገባትም። አሮጊት እንዳታስቀይም እየተጠነቀቀች፣ «የት ነው የማይከፈተው?» አለችኝ። ከባጃጁ ወርጄ እስከ ቤቴ በር ድረስ ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድኩ። ያየኝ ሰው ምን እንዳለ እንጃ። እኔ ግን የት እንደማይከፈት በደንብ አውቃለሁ። እኔና ሰይድ ያንን «የማይከፈት» ለማስከፈት ስንት ላብ እንዳፈሰስን ላስረዳት ብል፣ ቤቷ ደርሳ ሠርጉን ጨርሳ እራቷን በልታም አላበቃም ነበር።

ያኔ ሸዋ ሮቢት ባጃጅ የላትም። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው የሚያመላልሰን ጋሪ ነበር፤ ቀትር ላይ ፈረሱ ሙቀቱ በርትቶበት ለመሄድ ሲያመነታ ተሳፋሪው ወርዶ ከጋሪው ጎን ጎን ይራመዳል። በአንድ ብር የተገዛ ሙዝ በሁለት እጅ አይያዝም ነበር። ፓፓያማ ጭንቁ ከተገዛ በኋላ ነው፤ እንዴት ተሸክመህ ቤት ታደርሰዋለህ። ሽንኩርት በሚነሣበት ወር ከተማው በሙሉ ሽንኩርት ይሸታል፤ ፀጉራችን፣ ትራሳችን፣ ከባንክ የምንቀበለው ብር ሳይቀር። የደሴ መንገድ የጭነት መኪኖች በየሻይ ቤቱ ፊት ተደርድረው ሾፌሮቹ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው ለስላሳ ይጠጣሉ፤ ከማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት ደግሞ አዲስ የወጣውን ካሴት ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ይለቅብናል። ግጥሙን ሳንፈልግ እናጠናው ነበር። ወጣቶቹ እግር የሚውጥ ሰፊ ሱሪ ይለብሳሉ፣ ከቆላው መንደር ለገበያ የሚመጡት ሰዎች ባለመስመር ሽርጣቸውን ያገለድማሉ፣ ዓርብ ዓርብ ነጋዴዎቹ በነጭ ጀለቢያ ከመስጊድ ሲመለሱ መንገዱ ያበራል። ሙሽራ ብቻ ነበር የሚያሳዝነኝ። በዚያ ሙቀት ሦስት ድርብ ሙሉ ልብስ አድርጎ፣ ከረባቱን አጥብቆ፣ ላቡን በሚዜ መሐረብ እያስጠረገ ይውላል። ያም ሆኖ ሁሉም ቪዲዮ ይፈልጋል። ሠርግ ያለ ቪዲዮ እንዳልተደረገ የሚቆጠርበት ዘመን ገብቶ ነበር።

እኔ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተምሬያለሁ። እናቴ እያረጀች ስትመጣ ወደ ትውልድ ከተማዬ ተመለስኩና ከመንገዱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከፈትኩ። ማሠልጠኛ ስል ብዙ አታስቡ፤ አንድ ግራጫ ኮምፒውተርና ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች ናቸው። ከግድግዳው ወዲያ ሰይድ ፎቶ ቤት ነበረው። ሰይድ የጀውሃ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፎቶ ሊያነሣ ሲል ትንፋሹን የሚይዝ ሰው። ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ራሱ የሳለው ፏፏቴ ነበረ፤ ፏፏቴው ሥር ያላገባ፣ ያልተመረቀ፣ ልጁን ክርስትና ያላስነሣ የከተማው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፣ ቢያንስ ፎቶው ላይ። የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሣበት ካሜራ ደግሞ ትከሻ ላይ የሚጫን ትልቅ የካሴት ካሜራ ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም እሱን ነው የሚጠራው። በጾም ወራት የክርስቲያን ሠርግ ሲጠፋ የእስላሙን ያነሣል፣ በረመዳን የእስላሙ ሲቆም ወደ ክርስቲያኑ ይዞራል፤ «ጾም የለብህም የሚሉኝ ካሜራዬን አይተው ነው» ይለኝ ነበር።

ሥራው ያኔ የሚቆረጠው በሁለት የካሴት ማጫወቻ ነው። አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። ሰይድ ግራ እጁን በአንዱ፣ ቀኝ እጁን በሌላው ላይ አድርጎ ይጠብቅና ሙሽራዋ ከበሩ ስትወጣ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጫናቸዋል። ግማሽ ሴኮንድ ከዘገየ ሙሽራዋ ያለ በር ብቅ ትላለች። በተቀዳ ቁጥር ደግሞ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለክርስትና አባት ተብሎ ሦስተኛ ቅጂ ሲወጣ ሙሽራዋ አፍንጫ የላትም። እኔ በግድግዳው በኩል የእሱን «ቢስሚላሂ» እየሰማሁ ስስቅ ቆይቼ አንድ ቀን፣ «ይኼ ነገር እኮ በኮምፒውተር ይሆናል» አልኩት። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ ከግራጫው ጋር አጋባነው። እንዲህ ነው ሽርክናችን የተጀመረው።

ሁለተኛዋ ኮምፒውተር በአጋጣሚ መጣች። በአካባቢው ውኃ ሲያወጣ የነበረ የውጭ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ዕቃውን ሸጠ። ጠረጴዛና ወንበሩ በሽሚያ አለቀ፤ እሷን ግን ማንም አልፈለጋትም። ገላዋ በሰማያዊ ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል ከውጭ ወደ ውስጥ ታሳያለች፤ የተሠራችው በሌላ ፋብሪካ ነው፣ የምትሠራበትም ሥርዓት ከግራጫው ፈጽሞ የተለየ ነው። «መጫወቻ ናት» አሏት። ሰይድ ግን ከኋላዋ ያለውን ቀዳዳ አይቶ ዓይኑ በራ። በዚያን ጊዜ አዲስ የመጡት ትናንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ግራጫው የለውም። ገዝተን በጋሪ አመጣናት። በመንገድ ላይ ሰዎች ቴሌቪዥን መስላቸው ነበር፤ ግማሹ እንኳን ደስ አላችሁ አለን።

አሁን ወደ ሠርጉ ልምጣ። በአጣዬ እህል የሚነግዱ ጋሼ ተክሌ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በሠርግም በለቅሶም አንድ ፊት ነው ያላቸው፤ ሲስቁ ያየ ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ተቃራኒያቸው ናቸው፤ ቀልደኛ፣ ሰው ወዳድ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሸፍኖባቸው ነበርና ሰውን በድምፁና በእግሩ ኮቴ ነበር የሚለዩት። አንዲት ልጃቸው አለምፀሐይ የሸዋ ሮቢቱን መምህር ግርማን ስታገባ ሰይድ ከሙሽሪት ቤት ሆኖ በትልቁ ካሜራ አነሣ፤ የሙሽራው የአጎት ልጅ ደግሞ ከአዲስ አበባ ትንሽ ካሜራ ይዞ መጥቶ የሙሽራውን ወገን ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ እየተከተለ ቀዳ። እኔም ከሙሽራው አጃቢዎች ጋር ነበርኩ። ጀውሃ ስንደርስ የሙሽራው መኪና ጎማ ፈነዳ። ጎማው እስኪቀየር ሚዜዎቹ አስፋልቱ ዳር ከበሮ መቱ፤ ምሳ ሊበሉ የቆሙ የከባድ መኪና ሾፌሮች ወርደው ገቡበት። ከሠርጉ ሁሉ ደማቁ ጭፈራ ያ ነበር ብል ሙሽሮቹ አይቀየሙኝም።

አጣዬ ስንገባ እትዬ በላይነሽ ዳሱ ውስጥ፣ ከፊት ወንበር ላይ፣ በአዲስ ቀሚስ ተቀምጠዋል። ሁሉን ይሰማሉ። የሙሽራው ወገን እየዘፈነ ሲገባ ድንገት ዳሱ በሣቅና በእልልታ ተናወጠ። ጋሼ ተክሌ፣ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ መሐል ገብተው እስክስታ ይመታሉ። ምን እንደነካቸው እሳቸውም አያውቁ ይሆናል። «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ወደ ድምፁ እየዞሩ። እህታቸው ሊነግሯቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሼ ተክሌ እያለከለኩ ተመለሱና፣ «ምንም አልሆነ። አንዱ ሚዜ ወድቆ ነው» አሏቸው። ሰው ሁሉ ሣቁን ዋጠ። ማንም የሳቸውን ምስጢር አላወጣም።

ከሠርጉ በኋላ ሁለት ጥሩና ሁለት ክፉ ነገር ሆነ። ክፉውን ላስቀድም። ሰይድ ካሴቱን ወደ ግራጫው አስገብቶ እንደጨረሰ ማጫወቻው ክሩን በላው፤ ጎትተን ያወጣነው የተጨማደደ ጥቁር ጥብጣብ ብቻ ነው። የአጎት ልጅየውም ሥራውን ወደ ሰማያዊዋ ከቀዳልን በኋላ ካሴቶቹን ይዞ አዲስ አበባ ገባና ሌላ ሠርግ ቀዳባቸው። ስለዚህ የሙሽሪት ቤት ያለው ግራጫው ውስጥ ብቻ፣ የሙሽራው ወገን ያለው ሰማያዊዋ ውስጥ ብቻ ሆነ። ጥሩው ደግሞ፣ የዓይን ሐኪሞች ደብረ ብርሃን መጥተው እትዬ በላይነሽን አከሟቸው፤ አዩ። ሁለተኛው ጥሩ ነገር ግርማ ዕድገት አግኝቶ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ሩቅ ቦታ መመደቡ ነው። እኛን ግን ይኼ ጥሩ ነገር አስጨነቀን፤ ምክንያቱም አለምፀሐይ አንድ ጠዋት ማሠልጠኛዬ መጣች።

«እማዬ እያየች ነው» አለችኝ፤ ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ከዚያ፣ «እትዬ ጽጌ፣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሠርግሽን አሳዩኝ ነው የምትለው። ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ የሰማሁትን ሁሉ ልየው ትላለች። እኛ ደግሞ በሚመጣው ሳምንት መንገደኞች ነን። አብረን ሆነን ብናየው ነበር የምፈልገው» አለች።

«ይደርሳል» አላት ሰይድ፣ በሩ ላይ ቆሞ። ስትሄድ ወደ እኔ ዞረና፣ «ይደርሳል አይደል?» አለኝ።

ሥራው ገና ምኑም አልደረሰም ነበር። ችግሩን በቀላሉ ላስረዳ። ዲስክ የሚጽፈው ግራጫው ብቻ ነው። ስለዚህ የሰማያዊዋን ቪዲዮ ወደ ግራጫው ማሻገር አለብን። በገመድ አገናኘናቸው፤ ፋይሉ ተሻገረ፤ ግራጫው ግን ሊከፍተው ሲሞክር «ይህን ዓይነት አላውቅም» አለ። በተቃራኒው ሞከርን፤ ሰማያዊዋም የግራጫውን አላውቅም አለች። በግራጫው የጻፍናቸው የአማርኛ ፊደላት ሰማያዊዋ ላይ ባዶ ሳጥን ሆነው ተሰለፉ። ሰይድ ተስፋ ቆርጦ ትልቁን ካሜራ ከሰማያዊዋ ፊት ተክሎ ከስክሪኑ ላይ ሊያነሣው ሞከረ፤ በሙሽራው ፊት ላይ ጥቁር መስመር ሽቅብ ቁልቁል ሲንሸራተት ዋለ። «እስር ቤት ያለ ይመስላል» ብሎ ራሱ አጠፋው። በዚያ ላይ ሙቀቱ። ግራጫው ቀትር ላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ በማለዳ እንጀምራለን፣ ቬንትሌተሩን ወደ እሱ አዙረን እኛ በካርቶን እናራግባለን። የደንበኞቻችን ምቾት ይቅርና የራሳችንን ረስተን ነበር።

መውጫው የመጣው ከሰይድ የዕለት ሥራ ነው። የአንድ ተማሪ ጉርድ ፎቶ ሊያስተካክል መጥቶ ግራጫው ስለተያዘበት ወደ ሰማያዊዋ ወሰደው። ያው ፎቶ እዚያም ተከፈተ። «ፎቶውን ሁለቱም ይከፍቱታል» አልኩ።

«ፎቶማ ይከፍታሉ።»

«ታዲያ ቪዲዮውን ለምን እምቢ ይላሉ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ቪዲዮ እኮ የሚሮጥ ፎቶ ነው» አለ፣ የተማሪውን ጆሮ እያሳመረ።

ይቺን ንግግር ቁጭ ብዬ አሰብኳት። ቪዲዮ የሚሮጥ ፎቶ ከሆነ፣ ሩጫውን አስቁመን ፎቶውን ብቻ ብናሻግርስ? ከዚያ ቀን ጀምሬ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ አንዳንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ «አስተርጓሚ» ብዬ ሰየምኳቸው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ማንኛቸውንም የሌላውን ቋንቋ እንዲማሩ አናስገድድም፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ብቻ እናነጋግራቸዋለን። ሥዕሉ ወደ ተራ ፎቶዎች ይበተናል። ድምፁ ለብቻው ይወጣል፣ ያለ ምንም ልብስ፣ ቁጥር በቁጥር። የቱ ከየቱ ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ የት ተጀምሮ የት እንደሚቆረጥ የሚናገረው ትእዛዝ ደግሞ ማንም በሚያነበው ተራ ጽሑፍ ይጻፋል። የአማርኛ ርእሱን በፊደል አንልከውም፤ እሱንም ፎቶ አድርገን እንልከዋለን፤ ፎቶ ከሆነ ሳጥን መሆን አይችልም። ወዲያ ማዶ ያለው አስተርጓሚ ትእዛዙን እያነበበ ፎቶዎቹን መልሶ ያስሮጣቸዋል። እዚህ ቆርጠን እዚያ መጨረስ፣ እዚያ ጀምረን እዚህ ማረም እንችላለን ማለት ነው። ዛሬ ይኼን ስናገር ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን የመጀመሪያው ፎቶ ግራጫው ላይ ሲነቃነቅ፣ የጀውሃው ሾፌር ፎጣውን እያሽከረከረ ወደ ጭፈራው ሲገባ፣ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

ድምፁን ስንከፍተው ግን ደስታችን ቆመ። ከበሮ የለ፣ ዘፈን የለ፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ዓይነት ሹሹታ ብቻ ነው። ደግመን አሻገርን። ያው ዝናብ። ሌላ ሥራ ቢሆን ዘፈን ለጥፈንበት እናልፍ ነበር፤ ብዙ ሰው ዘፈኑን ነው የሚወደው። ይኼኛው ግን የእትዬ በላይነሽ ነው። እሳቸው ሠርጉን የሚያውቁት በድምፁ ብቻ ነው። የጀውሃውን ባይሰሙትም የሙሽራው ወገን እየቀረበ ሲመጣ የነበረውን ዘፈን፣ ትንሹ ካሜራ የያዘውን፣ ጆሯቸው ያስታውሰዋል። ድምፁ ከጠፋ የሌላ ሰው ሠርግ ነው የምናሳያቸው።

በማግስቱ ማለዳ ሁለታችንም ደክሞን ከበሩ ፊት ባለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ፓፓያ እንበላለን። ሰይድ፣ «ወላሂ ጽጌ፣ እነዚህ ሁለቱ ተማሪ ቤታቸው አንድ አይደለም» አለኝ። «እንዴት?» አልኩት። «አንደኛው የእናንተን ዳዊት ነው የቆጠረው፣ ከግራ ነው የሚጀምረው። ሌላው እንደ እኔ ቁርአን ቤት ነው የገባው፣ ከቀኝ ይጀምራል። አንድ መጽሐፍ ብትሰጪያቸው እንዴት ይግባባሉ?» ሊያስቀኝ ነበር። እኔ ግን ፓፓያውን እጁ ላይ ጥዬ ገባሁ። አዲስ አበባ ስማር አንድ ጊዜ የሰማሁት፣ ከዚያ ወዲህ ፈልጌው የማላውቀው ነገር ትዝ አለኝ፤ ኮምፒውተሮች ቁጥር ሲያስቀምጡ አንዳንዱ ትልቁን ወገን ያስቀድማል፣ አንዳንዱ ትንሹን። አስተርጓሚዬ ፎቶውን ሲያሻግር፣ የፎቶ አቀማመጥ የትም አንድ ስለሆነ አልተቸገረም፤ ድምፁን ግን ራቁቱን ነበር የላክሁት። ግራጫው እያንዳንዱን ቁጥር ገልብጦ ሲያነበው ኖሯል። አስተርጓሚው ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ቁጥሩን ሁሉ ጥንድ ጥንዱን እያዟዟረ እንዲያቀብል። ከዚያ ከፈትኩት።

እልልታ ነው የወጣው። ድምፅ ማጉያውን ለዝናቡ ብለን እስከ መጨረሻው ከፍተነው ስለነበር እልልታው ከክፍሉ አልፎ መንገድ ተሻገረ፤ ከበሮው፣ የመኪናው ጥሩምባ፣ የሚዜዎቹ ሆታ ተከተለው። ከማዶ ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታችን እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ማን አገባ?» ብላ ገባች። ሰይድ ፓፓያውን በሁለት እጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። «ቁርአኑና ዳዊቱ ታረቁ» አላት። እሷ ምን ገባት፤ ግን እሷም እልል አለች።

የቀረው መቁረጥ ነው፤ እዚህ ላይ ተጣላን። ግራጫው ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ሙሽሪት ከጓዳ ወደ ዳሱ ስትወጣ እናቷ ፊት ትንበረከካለች፤ እትዬ በላይነሽ በሁለት እጃቸው ፊቷን ይዳስሳሉ፣ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ጉንጯን፣ የአንገት ሐብሏን፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ቦታ ያያል። «ይውጣ» አልኩ። «አሁን ድነዋል። ያንን ጊዜ ለምን እናስታውሳቸዋለን? ደስ ሊላቸው ነው የሚያዩት።»

«አይወጣም» አለ ሰይድ።

«ሰይድ፣ ሴትየዋን ልታስለቅሳቸው ነው።»

«ያለቅሱ። ይኼ እኮ የሠርጉ እናት ነው። እኔ ይኼን ሳነሣ ትከሻዬ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ካሜራውን ያቆምኩት በጸሎት ነው። ከፈለግሽ የኬኩን ቁረጪው፣ የኬኩ ሦስት ጊዜ አለ።»

ግማሽ ቀን ተኳርፈን በየግድግዳችን ዋልን። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ደግሜ አየሁት፤ ስጨርስ ወጥቼ፣ «ኬኩን ቆርጬዋለሁ» አልኩት። ፎቶ የሚነሡትን ሰዎች ፏፏቴው ሥር ትቷቸው መጥቶ ጨበጠኝ።

አለምፀሐይ ልትሄድ ቀናት ሲቀሯት ዲስኩን ይዘን አጣዬ ወጣን። ያ ቤት ዛሬ የለም። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ አብሮ ነደደ፤ ሰዎቹ ግን ቀደም ብለው ልጃቸው ጋ ሄደው ስለነበር ተርፈዋል፤ ሠርጉም እሷ ጋ አለ። በየጊዜው አዲስ ኮምፒውተር ስትገዛ ትደውልልኛለች፤ «እትዬ ጽጌ፣ ይኸኛውም ከፈተው» ትለኛለች። ያን ዕለት ግን ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ በመስኮቱም በኩል ጎረቤት ተደርድሮ፣ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ ጠረጴዛ ተደርቦ ከፍ ብሏል። እትዬ በላይነሽ ወፍራም መነጽር አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔንና ሰይድን አስጠግተው ፊታችንን አገላብጠው አዩን። «አንተ ነህ ሰይድ? በድምፅህ ወፍራም ሰው አድርጌ ነበር ያሰብኩህ» አሉት። ቤቱ ሳቀ።

ፊልሙ ሲጀመር ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ። የሙሽራው ወገን ዘፈን ሲሰማ እጃቸውን አነሱ፤ «ቆይ፣ አሁን ከበሮው ይስታል» አሉ፤ ከበሮው ሳተ። «አሁን እቴ ትጣራለች» አሉ፤ እህታቸው ተጣሩ። የሰሙትን ሁሉ ከሚያዩት ጋር እየገጠሙ ሄዱ፤ ድምፅ ብቻ የነበረው ሰው ሁሉ ፊት አገኘ። አንድ ቦታ ላይ፣ «ያቺ ወንበር ላይ የተቀመጠችው አሮጊት ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። አለምፀሐይ፣ «አንቺ ነሽ እማዬ» አለቻቸው። «ዓይኔ ሲጠፋ ልጅ ነበርኩ እኮ» አሉ፤ ከሁሉ በፊት የሳቁት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ። ሙሽሪት ተንበረከከች፤ እጆቹ ወደ ፊቷ ሄዱ። እኔ ቴሌቪዥኑን ትቼ እሳቸውን አያለሁ። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። አላለፉትም፤ «መልሱልኝ» አሉ። መለስን። «አሁንም» አሉ። «እንዲህ ታምሪ ኖሯል» አሏት ልጃቸውን፤ «እጄ ነግሮኝ ነበር፤ አላመንኩትም እንጂ።»

ቀጥሎ ዳሱ በሣቅ ሲናወጥ ጋሼ ተክሌ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡና ወደ በሩ አመሩ። በሩ በሰው ተዘግቷል፤ ማንም አላሳለፋቸውም። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ትልቅ ሰው መሐል ገብተው ትከሻቸውን እስኪወልቅ ይመታሉ። እትዬ በላይነሽ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አዩ። ካለቀ በኋላ ወደ በሩ ዞሩ።

«ተክሌ።»

«አቤት።»

«ሚዜ ነው የወደቀው አላልከኝም?»

ጋሼ ተክሌ መሬት መሬት አዩ። «ብዬሻለሁ» አሉ።

«ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሬህ ስኖር ለኔ ትከሻህን ነቅንቀህ ታውቃለህ?»

«የልጄ ሠርግ ነዋ» አሉ ጋሼ ተክሌ፣ ድምፃቸው እያነሰ። «አንቺም አታይኝም ብዬ ነው።»

እትዬ በላይነሽ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው መሐሉን ቦታ አስለቀቁ። «አሁን አያለሁ» አሉ። «በል ና።»

መጀመሪያ እጁን ያጨበጨበው ግርማ ነው፤ ከዚያ አለምፀሐይ፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ ያሉት ሁሉ። ጋሼ ተክሌ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸውና መልሰው አደረጉት። ከዚያ ትከሻቸው መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው፣ እንደ ተዘጋ በር እየከበደ ተንቀሳቀሰ፤ ጭብጨባው ሲፈጥን ፈጠኑ። ያ ፊት፣ በሠርግም በለቅሶም አንድ የነበረው፣ ሲስቅ በዓይኔ አየሁ።

ሰይድ ያለ ካሜራ የትም አይሄድም፤ ከቦርሳው አውጥቶ ትከሻው ላይ ጫነና ትንፋሹን ያዘ። እትዬ በላይነሽ ዓይናቸውን ከባላቸው ሳያነሡ እጃቸውን ዘርግተው የካሜራውን አፍ ሸፈኑት።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ይኼን እኔ ልየው።»